ልጆችዎ ሰነፎች አይደሉም፤ የራሳቸው ሥራ አልተሰጣቸውም

ጥያቄ፦ «የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትልቋ ልጄ 12፣ ተከታዩ ወንድ ልጅ 9፣ ትንሹ 4 ዓመቱ ነው። አምስት ዓመት አብራን የኖረችው ሠራተኛ ከሁለት ወር በፊት ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከቢሮ ስመለስ የሚጠብቀኝ ያልታጠበ ዕቃና ወለል ላይ የተጣለ ልብስ ነው። ሴቷ ስትታዘዝ ትሠራለች፤ ግን ‹ሁልጊዜ እኔ ብቻ› እያለች ታለቅሳለች። ወንዱን ለማበረታታት ዕቃ ባጠበ ቁጥር 10 ብር እሰጠው ጀመር፤ አሁን ዳቦ ግዛ ሲባል እንኳ ‹ስንት ትከፍይኛለሽ?› ይላል። ትንሹ ደግሞ መጥረጊያ ይዞ እየተከተለ ሥራ ያስፈታኛል። አማቴ ‹ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ምን ሊሠራ?› ይላሉ። ባለቤቴ ‹ትምህርታቸውን ይማሩበት፤ ይህ የልጅ ጉልበት ብዝበዛ ነው› ይላል። እኔ በስምንት ዓመቴ እንጀራ እጋግር ነበር። ቤት ውስጥ ሲሠራ ያደገ ልጅ በሕይወቱ እንደሚሳካለት በሃርቫርድ ጥናት ተረጋግጧል ሲባልም ሰምቻለሁ። ሰነፍ ልጅ እንዴት ይታረማል?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሰነፍ ልጅ አላገኘሁም። ስትታዘዝ ብቻ የምትሠራ ልጅ፣ ሥራን በዋጋ መደራደር የተማረ ልጅና መጥረጊያ ይዞ ሥራ የሚለምን ልጅ ግን አግኝቻለሁ። ሦስቱም የሚያደርጉት ቤቱ ያስተማራቸውን ነው። ዕድሜያቸውን ያስሉት። ሠራተኛዋ ስትመጣ ወንዱ ልጅዎ አራት ዓመት ገደማው ነበር፤ ዛሬ ትንሹ ባለበት ዕድሜ ማለት ነው። ያኔ እሱም መጥረጊያ ይዞ ሳይከተል አይቀርም፤ ነገር ግን ሥራው የሌላ ሰው ነበር። ለአምስት ዓመታት የጣለው ልብስ ታጥቦና ተጣጥፎ ሲጠብቀው ኖረ። ልጅ ከሚሰማው ምክር ይልቅ በየቀኑ የሚያየውን ያምናል፤ እሱ ያየው ደግሞ ቤት ውስጥ የተበላሸውን የሚያስተካክል ሌላ ሰው መኖሩን ነው። ስለዚህ «ሰነፍ» የሚለውን ስድብ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ሲደጋገም ልጁ መጠሪያው አድርጎ ይቀበለዋል፤ ከሰነፍ ልጅ ደግሞ ሥራ የሚጠብቅ ስለሌለ ስሙ ይመቸዋል።

ከትንሹ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ከሦስቱ መካከል ለሥራ በጣም ዝግጁ የሆነው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ጀርመን ላይፕዚግ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። በጥናቱ አንድ አዋቂ የ18 ወር ሕፃናት እያዩት ልብስ ሲያሰጣ መቆንጠጫው ያመለጠው መስሎ ይጥለዋል፤ ወይም እጁ በዕቃ ሞልቶ የተዘጋ ቁም ሣጥን ፊት ተቸግሮ ይቆማል። አብዛኞቹ ሕፃናት ማንም ሳይለምናቸውና ምንም ሳይሸለሙ ቢያንስ በአንዱ ችግር ላይ ተነሥተው አገዙት። መቆንጠጫውን አንሥቶ ያቀበለ አለ፤ የቁም ሣጥኑን በር የከፈተ አለ። የማገዝ ፍላጎት በገንዘብ የሚገዛ ወይም በቁጣ የሚተከል ነገር አይደለም፤ ልጁ ይዞት ይመጣል። አስቸጋሪው ነገር ፍላጎቱ የሚበረታው ችሎታው በሌለበት ዕድሜ መሆኑ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሲጠርግ ቆሻሻውን ይበትነዋል። «ሂድ ተጫወት» ይባላል። እጁ ሥራውን በሚችልበት በዘጠኝ ዓመቱ ስንጠራው ደግሞ መጫወት ሥራው እንደሆነ፣ ቤቱ ደግሞ የእኛ ሥራ እንደሆነ በሚገባ ተምሮ ይጠብቀናል።

ባርባራ ሮጎፍ የተባለች ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቿ በሜክሲኮና በጓቲማላ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው። በእነዚያ ቤተሰቦች ሕፃን ከአዋቂዎች ሥራ አይገለልም። እናቶቹ ሥራው ቢጓተትና ቢበላሽም ልጁን አጠገባቸው ያደርጉታል፤ ልጁ ከፍ ሲል ሳይጠየቅ አይቶ የሚያግዝ ይሆናል። እርስዎም ለትንሹ አጭር መጥረጊያ ያዘጋጁለት፤ የትልቁን እጀታ ማሳጠር ይበቃል። ካልሲ ያጣምድ፣ ማንኪያ ያከፋፍል፣ ምስር ሲለቀም ጎንዎ ተቀምጦ ጠጠር ይፈልግ፣ የነጭ ሽንኩርት ራስ ይፈልፍል፤ እንግዳ ሲመጣና እጅ ሲታጠብ ፎጣ ይዞ ይቁም። በርበሬ ሲቀነጠስ ግን ይራቅ፤ እጁን ወደ ዓይኑ መውሰዱ አይቀርም። በቀን አሥር ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ሥራ አስፈታኝ ያሉት ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ በቤትዎ ያለ ጥሪ የሚሠራው ሰው ሊሆን ይችላል፤ እንዳይሆን የሚያደርገው አሁን መባረሩ ነው።

በስምንት ዓመቴ እንጀራ እጋግር ነበር ያሉትን በክብር አነበብኩት። ነገር ግን ከዚያ የሚያወጡት ድምዳሜ ልክ አይደለም። እርስዎ እንጀራ መጋገር የቻሉት በስምንት ዓመትዎ አንድ ቀን ስለታዘዙ አይደለም። መዳህ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ሊጥ ሲቦካ፣ ምጣድ ሲሰማ፣ አክንባሎ ሲከደን አይተዋል። ጭራሮ ለቅመዋል፣ ማሰሻ አቀብለዋል፣ በመጨረሻ ላይ በቀረች ሊጥ ትንሽ እንጎቻ ጋግረው እንዲሞክሩ ተፈቅዶልዎታል። የእርስዎ ልጆች ማለዳ ከቤት ወጥተው ማምሻውን ይመለሳሉ። የወላጆቻቸው ሥራ ቢሮ ውስጥ ነው፤ አያዩትም። የቤቱን ሥራ ደግሞ እነሱ በሌሉበት ሰዓት ሌላ ሰው ስትጨርሰው ኖረች። አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲከናወን አይተው ስለማያውቁ «እኔ በእናንተ ዕድሜ» የሚለው ንግግር ምንም አያስተምራቸውም። የእኛ ልጅነት ዋጋ እንደነበረውም አይርሱ። ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም ትምህርቷ የቀረባት ሴት ልጅ በየቤታችን አለች። እንዲመለሱበት የምፈልገው ወደዚያ አይደለም።

ከገጠሩ አስተዳደግ ሊወሰድ የሚገባው አንድ ነገር ግን አለ። እረኝነት የሚጀመረው በጥጃ ነው። አምስትና ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ከደጃፍ ሳይርቅ ጥጃ ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል በግና ፍየል፣ ጠንከር ሲል ከብት ይከተላል። የጥጃ ጠባቂው ሥራ ለትንሽ ልጅ የተሰጠ ቢሆንም ሙሉ ነው። ልጁ ተዘናግቶ ጥጃው ላሟን ከጠባ በዚያ ምሽት ወተት የለም፤ ይህንን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። በየሰዓቱ «ጥጃውን እየው» የሚለው ሰው የለም፤ ማየቱም፣ ማስታወሱም፣ መሮጡም የእሱ ነው።

አሁን ይህንን ከከተማው ቤት ጋር ያስተያዩት። የከተማ ልጅ የሚሰማው «አምጣ፣ አንሣ፣ ዝጋ፣ ግዛ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሥራው ምን ጊዜም የእናት ነው፤ ልጁ እጁን ብቻ ያውሳል። ምን እንደቆሸሸ የሚያየው፣ መቼ መሠራት እንዳለበት የሚያስታውሰው፣ ማን ይሥራው ብሎ የሚወስነው፣ ሠርቶት እንደሆነ የሚያረጋግጠው የእርስዎ ጭንቅላት ነው። ትልቋ ልጅዎ ስትታዘዝ ትሠራለች ያሉት ለዚህ ነው፤ አዛዡ ቢሮ ሲውል ሥራውም ይቆማል። እርስዎም ሁለት ጊዜ ይደክማሉ፤ አንዴ በማሰብ፣ አንዴ በመጮህ። በአገራችን ታዛዥ ልጅ ይመሰገናል፤ መታዘዝም መልካም ነው። ነገር ግን መታዘዝን ብቻ የተማረ ልጅ ቤት መያዝን አልተማረም። ስለዚህ ለዋናው ጥያቄዎ መልሴ ይህ ነው፤ ልጆችዎን እገዛ አይጠይቋቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ሥራ ያስረክቧቸው።

ለወንዱ ልጅ ዕቃ ማጠብን የብቻው ሥራ አድርገው አሁን አይስጡት። በዚያ ሥራ ላይ ዋጋ ተለጥፎበታል፤ ባሰቡት ቁጥር ድርድሩ ይነሣል። የውኃ ኃላፊ ያድርጉት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ሹመት ነው። ውኃ የሚመጣበትን ቀን የሚያውቀው እሱ ይሁን፤ ባዶውን ጀሪካንና ባልዲ የሚያጥበው፣ በቧንቧው ጎማ የሚሞላው፣ ክዳኑን የሚገጥመው፣ መጠጡን ከማጠቢያው የሚለየው እሱ ይሁን። ቢረሳ ውጤቱ እንደ ጥጃው ግልጽ ነው፤ ሐሙስ ውኃ የለም፤ ለምን እንደሌለም ሁሉም ያውቃል። ያን ቀን እርስዎ ቀድመው በድብቅ ሞልተው አያድኑት። ለመጠጥና ለምግብ የሚበቃ መጠባበቂያ ግን ለብቻው ይኑርዎት።

ትልቋን በተመለከተ መጀመሪያ ሸክም ያራግፉላት። ልቅሶዋ ተገቢ ነው። ከዚያ የምትፈልገውን አንድ ሥራ ራሷ ትምረጥ፤ ለምሳሌ የሁሉንም ምሳ ዕቃ ማታ አዘጋጅቶ ማሳደር፣ ወይም የቅዳሜና የእሑድ ቁርስ። የመረጠችውን ስትይዝ ሌላውን በሙሉ ያንሡላት፤ «እግረ መንገድሽን» እያሉ አይጨምሩባት። የታናናሾቿ ሞግዚት ወይም ተቆጣጣሪ አትሁን። አሥራ ሁለት ዓመት የትምህርቱም የሰውነቱም ለውጥ የሚበረታበት ዕድሜ ነው፤ ቤቱ ሁለተኛ እናት ካደረጋት ልጅነቷ ያጥራል። የእራት ዕቃ ማጠብ ደግሞ በተራ ይሁን፤ አባት፣ ሴት ልጅ፣ ወንድ ልጅ፣ እናት። ከበላ በኋላ የራሱን ሳህን ማንሣትና ማለቅለቅ ግን የሁሉም ነው፤ የአራት ዓመቱም የላስቲክ ሳህኑን ያንሣ።

ሥራ ማስረከብ ማለት ተናግሮ መሄድ አይደለም። ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ያላስተማሩትን ይጠይቃሉ፤ ሲበላሽም ይቆጣሉ። ዕቃ ማጠብን እንውሰድ። መጀመሪያ እርስዎ እያጠቡ ልጁ ይይ፤ የሚያደርጉትን እየተናገሩ ያጥቡ፤ ብርጭቆ ቀድሞ፣ ከዚያ ስኒና ሳህን፣ ቅባት የያዘው ድስት መጨረሻ፤ ውኃ እንዲቆጥብ በሁለት ሳፋ፣ አንዱ ለሳሙና ሌላው ለማለቅለቂያ። በሌላ ቀን አብራችሁ እጠቡ። ቀጥሎ ብቻውን ያጥብ፤ እርስዎ እዚያው ሌላ ሥራ ይሥሩ። ከዚያ በኋላ ይውጡለት። «አለቀ» ማለት ምን ማለት እንደሆነም አስቀድመው ይስማሙ፤ ዕቃው ተደፍቶ፣ ሳፋው ተጠርጎ፣ ወለሉ ደርቆ ሲገኝ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ «ንጹሕ አድርገው» የሚለው ትእዛዝ ትርጉም የለውም፤ ወለሉ ደረቅ መሆኑን ግን ማየት ይችላል። ቅባት የቀረው ሳህን ካገኙ ጠርተው ይመልሱለት። እሱ እያየ እንደገና አያጥቡት፤ ያን ጊዜ ሥራው የእርስዎ መሆኑን አረጋገጡለት ማለት ነው።

የሥራውን ሰዓት ከጥሪ ጋር ሳይሆን ከሌላ ነገር ጋር ያያይዙት። «ከእራት በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ከመከፈቱ በፊት» የሚለው በየምሽቱ ራሱን ያስታውሳል። ካልታጠበ ቴሌቪዥኑ አይከፈትም፤ ክርክርና ስብከት አያስፈልገውም። ዱላ ፈጽሞ አይግባበት። ሥራን ቅጣት አያድርጉት፤ «ስላጠፋህ ዕቃ ታጥባለህ» የተባለ ልጅ ዕቃ ማጠብ የጥፋተኛ ዕጣ መሆኑን ይማራል። ሲሠራ ደግሞ የሠራውን ጠቅሰው ያመስግኑት፤ «ዛሬ ውኃ ባትሞላ ኖሮ ልብስ አላጥብም ነበር» የሚለው «ጎበዝ፣ ጀግና» ከሚለው ጩኸት ይበልጣል፤ ምክንያቱም እውነት ነው፣ ልጁም ያውቀዋል።

ስለ ገንዘቡ። ያቁሙት። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት መሳል የሚወዱ ልጆችን ወስደው ለገሚሶቹ ከሳሉ ሽልማት እንደሚሰጣቸው ቃል ገቡ። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ሽልማት የተገባላቸው ልጆች በራሳቸው ፈቃድ ለመሳል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ቫርኔከንና ቶማሴሎም እ.ኤ.አ. በ2008 በ20 ወር ሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ነገር አዩ፤ ላገዙበት አሻንጉሊት የተሰጣቸው ሕፃናት በኋላ ካልተሸለሙት ያነሰ አገዙ። እውነቱን ለመናገር የሌፐር ጥናት የሚመለከተው ልጆች ስለሚወዱት ነገር ነው፤ ዕቃ ማጠብን የሚወድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብዙ የለም። በእርስዎ ቤት የተፈጠረው ጉዳት ከዚህ የተለየ ነው። 10 ብሩ አንድ መልእክት አስተላለፈ፤ ይህ ቤት የአንተ አይደለም፣ አንተ የቀን ሠራተኛ ነህ፣ ዋጋው ካልጣመህ መተው ትችላለህ። ልጁ መልእክቱን በትክክል ተረድቶ «ስንት ትከፍይኛለሽ?» አለ። በዚህ ሊቆጡት አይገባም።

ሲያቆሙ በግልጽ ያቁሙ። ያልተከፈለው ካለ ይክፈሉት፤ ከዚያ «ለዕቃ ገንዘብ መስጠቴ ልክ አልነበረም፤ የምንበላበትን ዕቃ የምናጥበው ሁላችንም ስለምንበላበት ነው፤ ለእኔም የሚከፍለኝ የለም» ይበሉት። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያኮርፋል፤ ይታገሡት። የኪስ ገንዘብ መስጠት ከፈለጉ ከሥራ ጋር ሳያያይዙ በቀኑ ለሁለቱም ይስጡ፤ ገንዘብ አያያዝ ሌላ ትምህርት ነው። ሥራ ባልሠራ ቀንም አይቀንሱበት፤ ከቀነሱ ወደ ደመወዙ ተመለሱ ማለት ነው።

አሁን ወደ አማትዎ። ንግግራቸውን በክፋት አይዩት፤ ያደጉበት ሥርዓት ነው፤ የልጅ ልጃቸው እንዳይናቅ ሠግተው ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ወንድና ማጀት አይገናኙም የሚለው በገዛ ባህላችንም እውነት አይደለም። የቆሎ ተማሪ በልጅነቱ ከእናቱ ቤት ወጥቶ ያገኘውን አብስሎ፣ ልብሱን አጥቦና ጠግኖ፣ ጎጆውን ጠርጎ ነው ሊቅ የሚሆነው። በወንዶች ገዳም እህል የሚፈጨውም እንጀራና ዳቦ የሚጋገረውም በመነኮሳቱ እጅ ነው። ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ኅብስት በቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም የሚዘጋጀው በካህናትና በዲያቆናት ነው። ይህንን በአክብሮት ያንሡላቸው፤ ሙግት ሳያደርጉ። ከዚያ ሥራ ይስጧቸው። ምስርና የሽሮ እህል አለቃቀምን ለልጆቹ እንዲያስተምሩ ይለምኗቸው። ወንዱን ልጅ ከጎናቸው አስቀምጠው ካስተማሩት በኋላ ማጀት አይግባ ማለት ለእሳቸውም ይከብዳቸዋል።

ጉዳዩ ግን የባህል ክርክር ብቻ አይደለም። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መረጃ በዓለም ላይ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ሴት ልጆች በቤት ውስጥ ሥራ፣ በውኃና በእንጨት ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከእኩዮቻቸው ወንዶች በ40 በመቶ ይበልጣል። ይህ ልዩነት የሚጀምረው እንደ እርስዎ ባሉ ደህና ቤቶች ውስጥ ነው፤ ማንም ሳያስበው፣ ሴቷ እሺ ስለምትል ብቻ። ለወንዱም የሚቀርበት ነገር አለ። ካሮል ኤምበር የተባለች ተመራማሪ በምዕራብ ኬንያ የሉዎ ማኅበረሰብ ውስጥ ያደረገችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ለሥራ የደረሰች እህት ስለሌላቸው የሴት የሚባለውን የቤት ውስጥ ሥራ የሠሩ ወንዶች ልጆች ከሌሎቹ ወንዶች ይልቅ ጠበኝነታቸውና ሌላውን የመጫን ዝንባሌያቸው አንሶ ተገኘ። ሰውን መመገብና መንከባከብ ጠባይን ይገራል። አማትዎ ጨዋ የልጅ ልጅ ከፈለጉ መንገዱ በማጀት በኩልም ያልፋል።

ባለቤትዎ ካልተነሡ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ ትልቅ ወንድ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው አባቱን አይቶ ነው። አባት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ልጁን «ተነሥና እጠብ» ሲለው ልጁ የሚሰማው ትእዛዝ ሌላ ነው፤ ሲያድግ ከዚህ ሥራ ነጻ እንደሚወጣ። ስለዚህ አባትም አንድ ሙሉ ሥራ ይያዙ፤ ልጆቹ በሚያዩበት ሰዓት ይሥሩት።

የጉልበት ብዝበዛ ያሉት ሥጋታቸው መሠረት አለው፤ በዚህ ቤት ላይ ግን አይሠራም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ ለትምህርቱ፣ ለጤንነቱና ለደኅንነቱ ጎጂ የሆነ ሥራ እንዳይሠራ ይጠብቀዋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በአንቀጽ 31 ልጅ እንደ ዕድሜው ለቤተሰቡ አንድነት የመሥራትና ሲያስፈልግ ወላጆቹን የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱ አይጋጩም። ዓለም አቀፉ ስታቲስቲክስ ከሚጠቀምባቸው መለኪያዎች አንዱ የ5 እስከ 14 ዓመት ልጅን የቤት ውስጥ ሥራ ከብዝበዛ የሚቆጥረው በሳምንት 21 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እኔ የምመክርዎ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ በትምህርት ቀን ለዘጠኝ ዓመቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ከአንድ ሰዓት ያነሰ፤ በፈተና ሳምንት ደግሞ ከዚህም ይቀነስ።

ማስጠንቀቂያዎቼ ግን ጽኑ ናቸው። 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የራሱ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ አይበልጥም። ስለዚህ ይሞላል እንጂ አያነሣም፤ ውኃ ከታች መቅዳት ካስፈለገ 5 ሊትር ይበቃዋል። በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣትም ሆነ መስኮት ማጽዳት የአዋቂ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይኛው ገጽ ሲጋገር 200 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ የአሥራ ሁለት ዓመቷም ብትሆን ያለ አዋቂ አትጋግር። ቡታጋዝ ወይም ላምባ መለኮስ፣ የፈላ ውኃና ዘይት ማንሣት ለታናናሾቹ ክልክል ነው፤ የአራት ዓመቱ ሥራ ሁልጊዜ ከምድጃው ርቆ ይሁን። ከሰል በተዘጋ ክፍል አይቀጣጠል፤ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በረኪና በውኃ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃናት ውኃ መስሏቸው ይጠጡታልና ጉሮሮን ያቃጥላል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል የሚያፍን ክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጥር መጸዳጃ ቤት ማጽዳትን ለልጆች አይስጡ።

የሃርቫርዱ ነገር በሚባለው ልክ አይደለም። የወሬው ምንጭ በቦስተን ድሃ ሰፈሮች ያደጉ ወንዶችን ከልጅነት እስከ ጉልምስና የተከታተለ የረጅም ጊዜ ጥናት ነው። በልጅነታቸው ሥራ ላይ ትጉህ የነበሩት በጉልምስናቸው የተሻለ ሕይወት እንደኖሩ አሳይቷል። ነገር ግን ትጋቱ የተለካው በቤት ውስጥ ሥራ ብቻ ሳይሆን በትርፍ ሰዓት ሥራና በትምህርት ላይ ባላቸው ጥረት ጭምር ነው፤ አንዱ ሌላውን አመጣ ለማለትም አያበቃም። ዕቃ ያጠበ ልጅ ሀብታም ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። የምጠብቀው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፤ ሲያድግ የበላበትን የሚያነሣ፣ የታመመ ሰው አጠገብ ሲሆን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ደግሞ እርስዎ ብቻዎን ከሚሠሩት የዘገየና የባሰ ሥራ ይሆናል። ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ከጀመሩት በሦስተኛው ሳምንት ይተዉታል። በሌላ በኩል አንዱ ልጅ ከቤት ውስጥ ሥራ አልፎ ከጨዋታ፣ ከምግብ፣ ከጓደኛም ከራቀ፣ ወይም ምንም ቢያስተምሩት ሁለት ተከታታይ ነገር መያዝ ካቃተው፣ ያ የአስተዳደግ ጉዳይ ላይሆን ይችላልና የጤና ባለሙያ ይይው።

እንግዲህ በዚህ ቅዳሜ ባለቤትዎና አማትዎ ባሉበት ልጆቹን ይሰብስቡ፤ ክፍያው መቆሙን ይንገሩ፤ ለእያንዳንዱ፣ ለአባትም ጭምር፣ አንድ አንድ ሥራ ያስረክቡ። ለሦስት ወር አይቀያይሩት፤ ሌላም አይጨምሩበት። አዲስ ሠራተኛ መቅጠርዎ አይቀርም፤ ስትመጣ ግን ሥራው ወደ እሷ ተጠራርጎ እንዳይሄድ። ብዙ ጊዜ ከገጠር የምትመጣው ልጅ ከትልቋ ልጅዎ ብዙም የማትበልጥ ናት፤ ለልጅዎ የሚሣሡትን ለእሷም ይሣሡ፤ 15 ዓመት ያልሞላትን ፈጽሞ አይቅጠሩ፤ የቀጠሯትንም ማታ ትምህርት ቤት ይላኳት። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ እየሰሙ ይንገሯት፤ ውኃው የወንዱ ልጅ ነው፣ ምሳ ዕቃው የትልቋ ነው፣ የልጆቹን አልጋ፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ አትነኪም፤ ከማዕድ የራሱን ሳህን ሳያነሣ የሚሄድ ካለ ሳህኑን እዚያው ተዪለት።